ያልተነገረ መርዶ

ድሮ ዱር የሚገባው የሸፈተ ሰው ነበር። ደም ያለበት ወይም ከሹም የተጣላ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ ይገባል፤ ስሙም በፉከራ ይነሳለታል። በትርሲት ዘመን ግን ዱር የሚገባው ያላለቀሰ ሰው ነው። ፉከራም የለው።

ለቅሶ ከከተማ የወጣው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የለቅሶ ድንኳን ተከለከለ፤ የመኪና ማቆሚያ ይይዛል ተባለ። ቀጥሎ ጮክ ብሎ ማልቀስ ተከለከለ፤ አንዱ ፎቅ ላይ «ወዮ» ሲባል የሌላው ፎቅ ሰው እንቅልፍ ያጣል። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ድምፅ የሚለካ ትንሽ ነገር ተገጠመ፤ ሰዉ «ጆሮ» ብሎ ጠራው። እድሩም ስልክ ውስጥ ገባና ሰው ሲሞት የአበባ ሥዕል ብቻ ይልክ ጀመር። ማንም አልተቃወመም፤ ሰው ሥራ ይበዛበታል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሠራተኛው በየወንበሩ ይደነዝዝ ጀመር። ልጁን ከትምህርት ቤት ማምጣት የሚረሳ በዛ፤ ሊፍት ውስጥ ገብቶ የፎቁን ቁጥር ሳይጫን ቆሞ የሚቀርም በዛ። ያኔ ለቅሶ የሚለቀስበት ቦታ ያስፈልጋል ተባለና ከጎሬ ማዶ ያለው ደን ታጠረ። ስሙም «ልብ ማሳረፊያ» ተባለ።

ትርሲት ወደዚያ የተላከችው በክረምቱ መግቢያ ነው። ባሏ መክብብ የሞተው በበልግ ሲሆን እስከዚያ ድረስ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። እጇ ላይ ያሰሩላት አንባር አመድ እንደመሰለ ቀረ። አመድ ማለት ሐዘኑ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። አረንጓዴ ሲሆን ወጣ፣ ሰውየው ዳነ ይባላል። አንባሯ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ልጇ ኤልዳና በሚኖሩበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው የልጆች ማቆያ ትቀመጣለች። ክረምቱ ወጥቶ አንባሩ አመድ እንደሆነ ከቀረ ደግሞ ልጅቷ «ወደ ተረጋጋ ቤት» ትዛወራለች። የተረጋጋ ቤት ማለት የሌላ ሰው ቤት ማለት ነው። ይህን የመሥሪያ ቤቷ የጤና ክፍል ሴት እየሳቀች ነበር የነገረቻት። ትርሲትም «እሺ» አለች።

እሺ ማለት ለምዶባት ነበር። የመክብብን ሞት የሰማችውም በእሺ ነው። ከሥራ ስትመለስ ሕንፃው ሥር ካለው ሱቅ ሽንኩርት ልትገዛ ተሰልፋ ሳለ ስልኳ ነዘረ። «የቤተሰብዎ አባል አቶ መክብብ በሥራ ላይ ሳሉ በደረሰባቸው አደጋ ሕይወታቸው አልፏል፤ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው፤ ለመቀጠል እሺ የሚለውን ይጫኑ» ይላል። መክብብ የረጃጅም ሕንፃዎችን መስታወት በውጪ በኩል ተንጠልጥሎ የሚጠግን ሰው ነበር። ተጫነች። ስልኩም ቀጠለ፤ የቀብሩን ሰዓት ነገራት፤ በስክሪን የምትከታተል ከሆነ ሌላ እሺ እንድትጫን ጠየቃት። ያንንም ተጫነች። ከዚያ ተራዋ ደረሰና ሽንኩርቱን ገዛች። ያልበሰበሰ መርጣ ነው የገዛችው። ማታ ስትከትፈው ዓይኗን አቃጠላትና እንባዋ ወረደ፤ የሽንኩርት እንባ ግን በማንም ዘንድ አይቆጠርም።

መልእክቱ የሚላከው ለቤተሰቡ አባል ሁሉ ነው። ስለዚህ ትርሲት ያን ማታ ቤት እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው የኤልዳናን የትምህርት ታብሌት አንስታ መልእክቱን ማጥፋት ነበር። ልጅቷ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ቀጭኔ ትስል ነበር፤ ቀና ብላም አላየቻትም። «አባባ መስክ ወጥቷል፣ ይቆያል» አለቻት። ኤልዳናም «እሺ» አለች። ከእናቷ ነው የተማረችው።

የመክብብ እህት ስትደውል ትርሲት ወጥ ቤት ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለልጅቷ ነገርሻት?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኧረ በምን ልቤ! ሰው ሳይሰበሰብ እንዴት ይነገራል? ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻችንን ነን። አንድ ጠዋት ሰው ጠርቼ፣ ጠንከር በይ ብዬ ነው የምነግራት።»

ያን ያለችው ከልቧ ነበር። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ቀርቶ ነበር። ግን የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ያ ጠዋትም ሳይመጣ ወደ ዱር ተላከች። ለኤልዳና «ለሥራ ነው የምሄደው» አለቻት።

በልብ ማሳረፊያ ቀኑ የሚጀምረው በወፍ ድምፅ ነው። እውነተኞቹ ወፎች አንዳንዴ ስለሚያረፍዱ ድምፁ ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ማጉያ ይለቀቃል፤ እውነተኞቹ እሱን ሰምተው ይቀበላሉ። ከወፉ በኋላ እንግዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ጤዛ ላይ ይራመዳሉ። በሽተኛ አይባሉም፤ እንግዳ ነው የሚባሉት። ከጤዛው በኋላ እያንዳንዱ ወደ ተመደበለት ዛፍ ሄዶ ያቅፈውና ሐዘኑን ይነግረዋል። ለትርሲት የደረሳት ብሳና ነበር። ከእሷ በኋላ ባለተራ ስላለ ብዙ መቆየት አይቻልም። ቅርፊቱ በሰው ደረት ልክ ተልጦ ለስልሷል። ታቅፈውና ምን እንደምትለው ይጠፋባታል። አንድ ቀን «እንደምን አደርክ» አለችው። ሌላ ቀን ስለ ሽንኩርቱ ነገረችው። ጉሬዛዎች ከላይ ቁጭ ብለው ያዩዋት ነበር፤ ስንቱን አይተዋል።

የቡድናቸው መሪ ቤቴል የምትባል ለስላሳ ልጅ ናት። «እንባ ወንዝ ነው፤ መንገዱን እንክፈትለት» ትላለች። «ስሜታችንን እንቀበለው» ትላለች። ክፋት የላትም። ሰው ሲያለቅስላት ከልቧ ደስ ይላታል፤ አበባ እንደ ደረሰለት አትክልተኛ ታጨበጭባለች።

ቡድኑ «ቤተሰብ» ይባላል። አራት ነበሩ። ጡረተኛው የሒሳብ መምህር አቶ ይመኑ ሚስታቸው ሞታ የመጡ ናቸው፤ አንባራቸው አመድ ነው። ሀምዛ የጅማ ልጅ ነው፤ የሞተበት ታላቅ ወንድሙ ነው፤ የሱም አመድ ነው። እትዬ እታፈራሁ ግን የመጡት በሌላ ጥፋት ነው። ለሞተችው እህታቸው የተፈቀደው የማልቀሻ ጊዜ ካለፈ በኋላም ማልቀስ አልተው ብለው አንባራቸው ቀይ ሆኗል። ያነሰውም የበዛውም አንድ ላይ እንዲታከም ነው የታሰበው። ቤቴል በመጀመሪያው ቀን አቶ ይመኑን «አባት»፣ እትዬ እታፈራሁን «እናት» ብላ መደበቻቸው።

«እኔ ከዚህ ሽማግሌ ጋር መቼ ተጋባሁ?» አሉ እትዬ እታፈራሁ።

ሁሉም ሳቀ። ሳቁን አንባሩ መዘገበው፤ ቤቴልም «ግሩም ጅማሬ ነው» አለች።

እሑድ እሑድ ትርሲት ከልጇ ጋር እንድትነጋገር ይፈቀድላታል። ከካምፑ ዳር አንዲት የቀርቀሃ ጎጆ አለች፤ እዚያ ገብታ ስክሪኑ ፊት ትቀመጣለች። ኤልዳና ፀጉሯ ተሠርቶ፣ የማቆያውን ሹራብ ለብሳ ብቅ ትላለች።

«እማ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» ትላለች ገና ሰላም ሳይባባሉ።

«የለም ልጄ፣ ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«ምንም።»

ከዚያ ስለ ትምህርት ቤት ታወራለች። የማቆያው ሾርባ ውሃ ውሃ እንደሚል፣ ቀጭኔዋ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈላት ትነግራታለች። በሚቀጥለው እሑድም «እማ፣ አጠገብሽ ሰው አለ?» ብላ ትጀምራለች። «የለም» ስትባል ስለ ሾርባው ትቀጥላለች። ስለ አባቷ አንድም ቀን አልጠየቀችም። ትርሲት ይህን በልቧ ያዘችው፤ ልጅ ቶሎ ይረሳል ብላ አሰበች። ማሳዘን የነበረበትን ያህል ግን አላሳዘናትም። ምንም ነገር መሆን የነበረበትን ያህል አልነበረም።

ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር ቤቴል ለብቻዋ ጠራቻት። «ጊዜው እየቀረበ ነው» አለቻት። «እኔ ልጨክንብሽ አልፈልግም ትርሲትዬ፤ ግን አንባርሽ አመድ እንደሆነ ከሄድሽ ስለ ኤልዳና የምወስነው እኔ አይደለሁም።»

ትርሲት ሞከረች። ፈጣሪ ያያል፣ ያልሞከረችው አልነበረም። የመክብብን ሸሚዝ በላስቲክ አሽገው አመጡላት፤ ከፍታ አሸተተችው። ሳሙና ሳሙና ሸተታት። የሠርጋቸውን ቪዲዮ ብሳናው ሥር ተቀምጣ አየችው። መክብብ ሲስቅ ድዱ እንደሚታይ አስተዋለች። የልጅቷን ነገር አሰበች፤ ኤልዳና የማታውቀው ሰው ቤት በር ላይ ሻንጣዋን ይዛ ስትቆም በዓይነ ሕሊናዋ አየች። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ መንቀሳቀስ አለና ተመልሶ ተኛ። አንባሩን አየችው። አመድ ነው። ጭኗን ቆነጠጠች፤ ቆዳዋ ቀላ እንጂ ዓይኗ አልራሰም።

የዚያን ዕለት አመሻሽ እንደ ልማዳቸው እሳቱን ከበው ተቀመጡ። ቤቴል «ዛሬ በልባችን ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። አቶ ይመኑ ወደ ትርሲት ዞር አሉ።

«ልጄ፣ መርዶሽን ማን ነገረሽ?»

«ስልኬ።»

«እሱማ የሁላችንም ነው። ሰው ማለቴ ነው። ማን መጥቶ ነገረሽ?»

ትርሲት አሰበች። «ማንም» አለች።

ሽማግሌው እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱት። «እንግዲያማ አልሰማሽም» አሉ።

«አባት» አለች ቤቴል በለሰለሰ ድምፅ፣ «ያለፈውን ትተን አሁን የሚሰማንን እናጋራ።»

«አሁን የሚሰማኝን ነው የምናገረው ልጄ። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ በሰው አገር ሞቱ። ጎረቤቱ ከእኛ ቀድሞ ሰምቷል። ደብቀውን አደሩ። ሊነጋጋ ሲል ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰብስቦ መጣ። እናቴ ደጅ ትጠርግ ነበር። ገና ማንም ቃል ሳይተነፍስ፣ ሰዉን እንዳየች መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ።» አቶ ይመኑ እንጨቱን እሳቱ ውስጥ ጣሉት። «መርዶው ሰዉ ነው። ቃሉ ከኋላ ነው የሚደርሰው። ለእኛ የመጣው ቃሉ ብቻ ነው።»

«እኛም አገር እንደዚያው ነው» አለ ሀምዛ። ብዙ የማይናገር ልጅ ነው። «ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ሰው ተይዞ ነው የሚኬደው። ለእኔ ግን ታክሲ ውስጥ እያለሁ ነው የደረሰኝ።»

እትዬ እታፈራሁ እንባቸውን ጠረጉ፤ አንባራቸው ጠቆር ያለ ቀይ ሆነ። ቤቴል ተጨነቀች። የአንዱ እንግዳ ድንኳን ውስጥ ሌላው እንደማይገባ፣ ጠዋት የተስፋ ሰዓት ስለሆነ ከባድ ነገር እንደማይወራ አስታወሰቻቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «እሺ» አሏት። የእኛ ሰው ሽማግሌ እየመራው በአንድ ድምፅ እሺ ሲል መጠርጠር እንደሚገባ ቤቴል ገና አልተማረችም ነበር።

በማግስቱ ማጉያው ገና ሳይዘምር ትርሲት ነቃች። ከድንኳኗ ውጪ እርጥብ ቅጠል ሲረገጥ ይሰማል። የአንድ ሰው እግር አይደለም። ከዚያ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች፤ ሽማግሌ ሰው በር ላይ ሲደርስ የሚጠርገው ዓይነት ነው።

«ቤቶች» አሉ አቶ ይመኑ።

ዚፑን ከፈተችው። ሦስቱም ቆመዋል። ነጠላ ስለሌላቸው የካምፑን ግራጫ ብርድ ልብስ ተከናንበው ጥለት የመሰለውን ጠርዙን ወደ አንገታቸው አዙረውታል። ሀምዛ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ትርሲት ሁሉንም ታውቃለች፤ ለምን እንደመጡም ታውቃለች፤ ማታ በፊቷ ነው የተወራው። ነገር ግን አፏ ከእሷ ቀድሞ ተናገረ።

«ምነው? በደህና ነው?»

ዝም ብለው ጎንበስ እያሉ ገቡና ዙሪያዋን ተቀመጡ። እትዬ እታፈራሁ አጠገቧ ተጠግተው ክንዷን ያዙ። ያን ጊዜ የቆመችበት ቦታ ላይ ቁጭ አለች።

«ትርሲት ልጄ» አሉ አቶ ይመኑ። «ጠንከር በይ። የሰው ልጅ ሁሉ መንገዱ ነው። መክብብ…» ድምፃቸው ተሰበረባቸው። «መክብብ አርፏል።»

«የቱ መክብብ?» አለች ትርሲት።

«የአንቺው።»

«የኔ?» አለች። «የኔ መክብብ?»

እትዬ እታፈራሁ «ወይኔ ወንድሜን!» አሉ፤ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁትን ሰው። ትርሲትም ከውስጧ የሚወጣ ድምፅ ሰማች። የሷ መሆኑን ያወቀችው ጉሮሮዋ ሲነድ ነው። ሽንኩርቱን መርጣ መግዛቷ ትዝ አላት። መክብብ ከላይ ሲወድቅ እሷ ምን ትሠራ እንደነበር ማንም እንዳልነገራት ትዝ አላት። ሀምዛም ያለቅስ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አልተጠየቀም። ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሳ አንባሩ በጨለማው ድንኳን ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ በራ።

ገና መጀመሯ ነበር። ቤቴል እየሮጠች መጣችና መጋረጃውን ገልጣ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እንኳን ደስ አለሽ!» አለች፤ እውነትም ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የዳነ እንግዳ በዕለቱ መሸኘት አለበት፤ አልጋውን የሚጠብቅ አመድ ብዙ ነው። ማጉያው ወፎቹን ሲለቅ የትርሲት ሻንጣ መኪናው ላይ ተጭኖ ነበር። እሷ ገና እየተንሰቀሰቀች ነው።

«ኧረ ሰልስቱ እንኳ ይውጣ!» አሉ አቶ ይመኑ።

«አረንጓዴ እኮ ነች፣ አባት» አለች ቤቴል።

እትዬ እታፈራሁ ያዘቀዘቁትን ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጣሉባት። «ያዥው፣ ይጠቅምሻል» አሏት። «ነገ ጠዋት ለይመኑ እንነግራቸዋለን፤ ከነገ ወዲያ ለሀምዛ። አይዞሽ፣ እኔ ለሁሉም እደርሳለሁ፤ እንባ አይቸግረኝም።»

መኪናው ሾፌር የለውም። ትርሲት ጎሬን እስክታልፍ አለቀሰች፤ ከዚያ አስፋልቱ ሰፍቶ ሕንፃዎቹ ሲጀምሩ አፏን በብርድ ልብሱ አፈነች። ወደ ከተማ የሚገባ ሰው ለቅሶውን እንዲህ ነው ይዞ የሚገባው።

ኤልዳናን የማቆያዋ ሠራተኛ እስከ በሩ አደረሰቻት። ልጅቷ በክረምቱ ቁመቷ ጨምሯል። እናቷን ወገቧ ላይ አቀፈቻትና ቀና ብላ ፊቷን መረመረችው።

«እዚያ አጠገብሽ ሰው ነበር?»

«ነበረ። ጥሩ ሰዎች ነበሩ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አንቺ አለሽኝ።»

«እኔ እኮ አንድ ነኝ» አለች ኤልዳና፣ ሂሳብ እንደምታስረዳ። ከዚያ እራት በላች፤ ሳትታዘዝ ሳህኗን አጠበች፤ ሳትታዘዝ ተኛች። ልጅ እንዲህ ጨዋ ሲሆን ደግ አይደለም።

ትርሲት ብርድ ልብሱን ልታስቀምጥ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት የመክብብን ትርፍ የሥራ ጫማ አገኘችው። ከበሩ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። አሁን ከልብሶች ኋላ፣ በኤልዳና የሕፃንነት ሹራብ ተጠቅልሎ ተደብቋል። ማን እንዳስቀመጠው አልገባትም። ጫማውን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ለቅሶው መጣ፤ በጥርሷ ያዘችው። የግድግዳው ጆሮ ቢጫ ብልጭ አለና ጠፋ። ለዚህች ልጅ ይህን ነገር ስልክ አይነግራትም፣ እሷም ለብቻዋ አትነግራትም አለች በልቧ። ተነስታም ፊቷን ታጠበችና ወጣች።

ፊት ለፊቷ የምትኖረው ፈትለወርቅ ትባላለች። ለዓመታት ሊፍት ውስጥ «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነኝ» ብቻ ነው የተባባሉት። ሲንኳኳባት ደንግጣ ከፈተች፤ በዚያ ሕንፃ የሰው በር የሚያንኳኳ የለም።

«ባሌ ሞቶብኛል» አለቻት ትርሲት። «ነገ ጠዋት ለልጄ መርዶ ልነግራት ነው። ሰው የለኝም።»

ፈትለወርቅ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ያ ሳቂታው? የልጅቷ አባት?» አለች። «በሞትኩት! እኛ እኮ አበባ እንኳ አልደረሰንም።» ከዚያ ሌላ ሳትጠይቅ «መጣሁ በይኝ» አለች።

ከእነሱ ፎቅ ሥር የሚኖረው አቶ ጉልላት ኤልዳና ስትሮጥ የእግሯ ድምፅ ይረብሸኛል ብሎ ሁለቴ የከሰሳቸው ሰው ነው። ትርሲት ወደ እሱ የሄደችው ሌላ የምታውቀው ሰው ስለሌለ ነው። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተ። ያንኑ ነገረችው። 

«ድምፅ ይኖራል?» ብሎ ጠየቀ።

«ይኖራል መሰለኝ።»

ሰንሰለቱን ፈታው። «በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ።

ሊነጋጋ ሲል መጡ። ፈትለወርቅ የእናቷን ነጠላ ከየትም ከየትም ፈልጋ አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ሌላም ጎረቤት አስከትላለች። አቶ ጉልላት ነጠላ ስለሌለው ኮቱን ገልብጦ ትከሻው ላይ ጥሏል፤ ልክ ይሁን አይሁን አያውቅም፤ ማንም አላረመውም። ትርሲት የካምፑን ግራጫ ብርድ ልብስ ጠርዙን ወደ ላይ አድርጋ ተከናነበች። ፈትለወርቅ ከሶፋው ላይ ትራስ አንስታ የግድግዳውን ጆሮ አፈነችው፤ አቶ ጉልላትም በመዳፉ ደግፎ ያዘላት። ከዚያ የልጅቷን በር ገፉት።

ኤልዳና ተኝታ አልነበረም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ድረስ ስባለች። የገቡትን ሰዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። የተገለበጠውን ነጠላ አየች፤ በሩ ላይ ክንዱን ዘርግቶ ትራሱን የደገፈውን አቶ ጉልላትን አየች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አልነበረም። ከበልግ ጀምራ ተሸክማ የቆየችውን ነገር የምታወርድበት ቦታ ያገኘች ትመስል ነበር።

«ኤልዳና ልጄ…» ብላ ጀመረች ትርሲት።

«እማ፣ ቆይ» አለች ልጅቷ። «አሁን አጠገብሽ ሰው አለ አይደል?»

«አለ።»

ኤልዳና ከአልጋዋ ወረደች። በባዶ እግሯ መጥታ የእናቷን እጅ በሁለት እጆቿ ያዘች።

«እማ፣ ጠንከር በይ እሺ» አለች።

ትርሲት ልጅቷን አየቻት። ታብሌቱ፣ ገርበብ ብሎ የቀረው የወጥ ቤት በር፣ የእሑዱ ጥያቄ፣ በሹራብ የተጠቀለለው ጫማ አንድ ላይ መጡባት። ክረምቱን ሙሉ ልጇ ለእሷ ሰው እስኪሰበሰብላት ስትጠብቅ ነበር። ብርድ ልብሱን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው ልጄ» አለቻት፣ «በደህና ነው?»